መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ከዚያ ከፍታው

በዳላስና በፎርት ዎርዝ የምንኖር የሐበሻ ልጆች ስለ ፒክአፕ ማውራት ስንጀምር ወሬው ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚነሳው። ስንት ኢንች ከፍ አለ? ጎማው 33 ነው ወይስ 35? ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ስንት ወጣበት? እኔ ግን ወሬው ከታች፣ ከፍሬኑና ከሻንሲው መጀመር አለበት ባይ ነኝ። አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ በገዛ እጅ ማደስ፣ ከዚያም አስፋልት ወደሌለበት ይዞት መሄድ፣ እዚህ ላለ ተማሪ ከሚገኙ ጥሩ ትምህርቶች አንዱ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም።

የማወራው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ዕድሜዬ 20 ነው፤ ነርሲንግ እማራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። በዚያ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ባለፈው ዓመት የ2003 ቶዮታ ታኮማ ገዛሁ። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ 198,000 ማይል የሄደ። እናቴ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ስታየው ያለችኝን ልንገራችሁ፦ «ነርስ ልትሆኚ ነው ወይስ ጋራዥ ልትከፍቺ?» የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ለጓደኞቼ ነው፤ ግማሹ ለእሷ ጥያቄ መልስ ነው።

ለምን አሮጌ?

መጀመሪያ ስለ ዕዳ እናውራ። ዛሬ አዲስ ፒክአፕ በብድር ሲገዛ 72 ወይም 84 ወር መክፈል የተለመደ ሆኗል። 84 ወር ማለት 7 ዓመት ነው። ገና ያልተመረቀ፣ በዚያ ላይ የትምህርት ብድር ያለበት ልጅ፣ የ7 ዓመት የመኪና ዕዳ ሲጨምርበት ሥራ የሚመርጠው እሱ ሳይሆን ዕዳው ነው። በካሽ የተገዛ አሮጌ መኪና ግን ቢበላሽ እንኳ የሚጠይቃችሁ የዚያን ወር ወጪ እንጂ የሚቀጥሉትን ዓመታት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት አሮጌ ፒክአፕ የሚገባ ነገር መሆኑ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱት ሞተሩ ይታያል። እጅ ይገባል። የትኛው ቱቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በጣት መከተል ይቻላል። የአናቶሚ ትምህርት ላይ የደም ዝውውርን በሥዕል ከማየት በሞዴል መንካት እንዴት እንደሚለይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ብዙዎቻችን ፒክአፕ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አገር ቤት ለዕረፍት ስንሄድ ያየነው ሃይሉክስ ነው፤ ባለ ደብል ጋቢናው፣ ጭቃ የለበሰው፣ የመሥሪያ ቤት አርማ በሩ ላይ ያለው። ቶዮታ ሃይሉክስን መሥራት የጀመረው በ1968 ነው። እዚህ አገር ለምን አይሸጥም ለሚል፣ የታሪኩ አንዱ ክፍል ዶሮ ነው። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ፣ አሜሪካ አጸፋውን ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ የዶሮው ጠብ ከተረሳ በኋላም ቀረጡ ቀረ። ቶዮታ በ1995 ለዚህ ገበያ ታኮማን አወጣ። የኔዋ መኪና ዘመዶች በዚያን ጊዜ የሚገጣጠሙት ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ነበር። ዛሬ የቶዮታ የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤት ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ፕሌኖ ውስጥ ነው፤ ትልቁ ወንድሟ ተንድራ የሚሠራውም እዚሁ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ነው። ስለዚህ ለአሮጌ ቶዮታ መለዋወጫ ማግኘት እዚህ ችግር አይደለም። ፎርት ዎርዝ ውስጥ ፒክ ኤን ፑል ሄዳችሁ፣ የራሳችሁን ኪያቤና ካቻቢቴ ይዛችሁ፣ ከወደቁት መኪኖች ላይ የምትፈልጉትን ራሳችሁ ትፈታላችሁ። ለአዲስ አበባ ሰው «የእኛው ሱማሌ ተራ ነው፣ ነጋዴው የለም እንጂ» ብሎ ማስረዳት ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ

ክሊኒካል ላይ የመጀመሪያው የሚያስተምሩን ነገር ታማሚው የሚጮህበትን ቦታ ሳይሆን የሚገድለውን ነገር ቀድሞ ማየት ነው። አየር መተላለፊያ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፤ የተሰበረው ጣት በኋላ ይደርሳል። ፒክአፕም እንዲሁ ነው። የተላጠው ቀለም ይጮሃል፤ የሚገድለው ግን ዝም ብሎ ከታች ተቀምጧል።

አንደኛ ሻንሲ። የቴክሳስ መኪና የበረዶ ጨው ስለማይነካው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ግን እዚህ የሚሸጥ ሁሉ እዚህ ያደገ አይደለም፤ ከሰሜን በጨረታ የሚመጣ አለ። ቶዮታ ራሱ በ2008 ከ1995 እስከ 2000 ለተሠሩ ታኮማዎች የሻንሲ ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት አራዝሞ፣ ዝገቱ የበረታባቸውን ከባለቤቶቻቸው መልሶ ገዝቷል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከታች ገብታችሁ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የበሰበሰ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ታሪኩን ደግሞ ሊብሬው ላይ አንብቡ።

ሁለተኛ የፊት እግር። በታኮማ ላይ ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዝ ቦል ጆይንት የሚባል መገጣጠሚያ አለ፤ ልክ እንደ ዳሌያችን፣ ኳስ በጎድጓዳ ውስጥ። በዚህ ሞዴል ላይ ክብደቱ ኳሱን ወደ ውጭ ስለሚስበው፣ አልቆ ሲለቅ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ መኪናውም በአፍንጫው ይወርዳል። ቶዮታ በ2005 ከ2001 እስከ 2004 የተሠሩ ታኮማዎችን በዚሁ ምክንያት ጠርቶ ነበር። መኪናችሁ የተጠራ መሆኑን ለማወቅ ባለ 17 አኃዝ የሻንሲ ቁጥሩን የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ማስገባት ብቻ ነው፤ ነጻ ነው። ታኮማ ላልሆነውም ይሠራል፦ ፎርድ ሬንጀር ያላችሁ፣ በታካታ ኤርባግ ምክንያት የተጠሩት ውስጥ እንዳላችሁ ዛሬውኑ እዩ።

ሦስተኛ ፍሬንና ጎማ። ጎማ ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ በቴክሳስ ሐምሌ ሙቀት አውራ ጎዳና ላይ ሊፈነዳ ይችላል። «ገና አዲስ ይመስላል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። በጎማ ዓለምም ዕድሜና መልክ የተለያዩ ናቸው።

አራተኛ የሞተሩ ጤና። ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ካንዴላ። የ3.4 ሊትሩ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ በየ90,000 ማይሉ ይቀየራል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኝ ይታይ፤ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት እንደ ተፈለሰፈለት ያለ ቦታ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለግል መኪኖች የደኅንነት ምርመራ ማድረግን አስቀርታለች (የ7 ዶላር ከ50 ሳንቲሟ ክፍያ ግን አልቀረችም)። በታራንት፣ በዳላስ፣ በኮሊንና በዴንተን ካውንቲዎች የቀረው የጭስ ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱም ከ2 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ላላቸው መኪኖች። የጭስ ምርመራው የሞተሩን ኮምፒውተር ያነብባል እንጂ ፍሬናችሁን አያይም። አገር ቤት ቦሎ ለማውጣት ቢያንስ በዓመት አንዴ መኪናውን የሚያይ ሰው አለ። እዚህ ግን ከእንግዲህ ወዲህ የአሮጌ መኪናችሁ ፍሬን የሚያዝ ወይም የማይዝ መሆኑን የሚጠይቅ መንግሥት የለም። የሚጠይቅ ካለ እናንተ ናችሁ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ አዎ፣ ለጀብዱ ማስታጠቅ ይምጣ። እዚህም ቢሆን ከፍታው የመጀመሪያው አይደለም። ለብዙው መንገድ የሚበቃው ጥሩ የአስፋልትና የጭቃ ጎማ፣ ከሆዱ ስር የብረት መከላከያ፣ የአየር መለኪያና መንፊያ ነው። ጭቃና አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ከ35 ወደ 20 ገደማ ማውረድ ብቻ ጎማው መሬት የሚይዝበትን ቦታ ያሰፋዋል፤ ዋጋው ዜሮ ነው። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ንፉት። ጎማውን ከ31 ወደ 33 ኢንች ብታሳድጉት መኪናው ከፍ የሚለው 1 ኢንች ብቻ ነው፤ በምትኩ የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል፤ 60 ሲላችሁ በእውነቱ 64 ገደማ እየሄዳችሁ ነው። ፍሬኑም የበለጠ ይለፋል፤ ማርሹም ይከብዳል።

ሱስፔንሽኑን ከፍ ማድረግ ደግሞ የመኪናውን የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ከፍ ያለ ነገር ደግሞ ለመገልበጥ ይቀርባል። ለፊት ቦል ጆይንቶቹና ለፊት አክስሎቹም ተጨማሪ ጫና ነው። የኔን ታኮማ 3 ኢንች ከፍ ለማድረግ ዋጋ የጠየቅኩት አንድ ሱቅ ስለ ቀለሙና ስለ ጎማው ቅርጽ ብዙ ጠየቀኝ፤ ስለ ቦል ጆይንቱ አንድ ቃል አላነሳም። 20 ዓመት ያለፈው መገጣጠሚያ ላይ ከፍታ መጨመር የልብ ታማሚን ያለ ምርመራ ሩጫ እንደ መላክ ነው። አያቶቻችን «ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም» ሲሉ ስለ ፒክአፕ አያውቁም ነበር፤ ግን ልክ ናቸው።

የእጅ ሥራና እኛ

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ። እሷ የምትፈራው መኪናውን አይደለም። እሷና አባቴ ሁለት ሥራ እየሠሩ ያሳደጉኝ እጄ ዘይት እንዳይነካ ነው። በብዙዎቻችሁ ቤት እንዲሁ መሆኑን አውቃለሁ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ኢንጂነር፣ ፋርማሲስት ይባላል። መካኒክ ማለት ግን ያልተማረ ማለት ሆኖ ይሰማል።

ይህ ስሜት አሜሪካ ውስጥ የተወለደ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ» ብሎ የሚሸሽ፣ በሠራው ማረሻ ግን አርሶ የሚበላ ማኅበረሰብ ልጆች ነን። አፄ ምኒልክ ይህን አይተው ነው በአዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የከለከሉት። በዚያው ዘመን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ እየነዳ አዲስ አበባ አድርሷል። «ኦፍሮድ» የምንለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያዋ መኪና ራሷ የገባችው አስፋልት ሳይኖር ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የአገሪቱን መኪኖች ያስሄዱት ደግሞ እኛ የምንንቃቸው እጆች ናቸው። ፒክአፕን ከኋላ ትይዩ ወንበር ገጥመው ታክሲ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚተያይ ሕዝቡ «ውይይት» አለው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠው አውቶቡስ ያደረጉትም እነሱ ናቸው፤ ስሙም «ቅጥቅጥ» ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ደግሞ ይህ ችሎታ አገር ቤት የበለጠ ዋጋ አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በነዳጅ የሚሄደው አሮጌ መኪና ስለዚህ አይጣልም፤ ይጠገናል። የሚጠግነው ሰው ደግሞ ባለሙያ ነው።

ያ ባለሙያ እዚህም አለ። የኔ ታኮማ ከገባበት ቀን ጀምሮ የረዳኝ አጎቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ወጣትነቱን ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፈው። እዚህ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ስልኩ አልሠራ ሲለው የሚጠይቀው እኛን ልጆቹን ነው፤ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣም እንደዚያው። ከመኪናው ስር ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እሱ ጠየቀ፣ እኔ መለስኩ፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ መልሱን አላውቅም። የፊት ፍሬኑንና ሁለቱን ቦል ጆይንቶች በአራት ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ቀየርን። ስለ ከፍታው ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ፍሬን የሌለው መኪና የሚያምረው ቆሞ ነው።»

ያኔ ነው የማላውቀው አማርኛ እንዳለ የገባኝ። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ። ቤታችን ውስጥ አማርኛ እየተናገርኩ አድጌ አንዱንም አላውቅም ነበር። ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ቃሉ የጋራዡ ልጆች ሆኖ ቀረ። ቋንቋን የምንማረው በበዓል ቀን ሰላምታ ብቻ ሳይሆን አብሮ በመሥራትም ነው። «ካቻቢቴውን አቀብይኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም መጽሐፍ አላስተማረኝም።

ለእናቴ የምለው ይህ ነው። ነርስነትም የእጅ ሥራ ነው። እኔ በሥራዬ ሰው አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ቁስል አያለሁ። ጓንት ለብሼ የታማሚ አልጋ ሳጸዳ የሚያኮራሽ እጅ፣ ጓንት ለብሶ ኩሽኔታ ላይ ግራሶ ሲቀባ ሊያሳፍርሽ አይገባም። እጁ አንድ ነው።

አደጋውስ?

«ጊዜ ይወስዳል» የሚሉ ትክክል ናቸው። ፈተና ባለበት ሳምንት ኮፈኑን አልከፍትም፤ መኪናውም አያኮርፍም። «አደገኛ ነው» የሚሉም ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ ሕግ አለው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር በጭራሽ አይገባም። የብረት መቆሚያ ይደረጋል፤ ጎማው ስር ደግሞ ታኮ። ዳገት ላይ ሮጦ ወርዶ ታኮ የሚያደርገው የአገር ቤት ረዳት ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል።

ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪና ሲጎተት ገመዱ በተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ አይታሰርም። ኳሱ ተቆርጦ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ ሰው ገድሏል። ለዚህ በተሠራ መንጠቆ ላይ ብቻ ይታሰራል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ራቅ ይላል።

ቦታም ይመረጣል። በቴክሳስ ከ2004 ጀምሮ፣ ከጥቂት ቦታዎች በቀር፣ በሕዝብ ወንዞች አልጋ ላይ መኪና መንዳት ሕገ ወጥ ነው። «ውኃው ደርቋል» ምክንያት አይሆንም። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ አለ፦ ከፎርት ዎርዝ በስተ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ፣ ጊልመር አጠገብ ያለው ባርንዌል ማውንቴን። መንገዶቹ በክብደታቸው ስለተለዩ ጀማሪ ከጀማሪ መንገድ ይጀምራል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት መኪና ሁኑ። እንደ ነርሲንግ ተማሪ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመብራቱ በፊት የደም ማቆሚያ ቱርኒኬና ፋሻ ግዙ፤ መጠቀሙንም ተማሩ። በ2015 የተጀመረው «ስቶፕ ዘ ብሊድ» ዘመቻ ይህንን ለማንኛውም ሰው ለማስተማር ነው የተቋቋመው። ብርቱ ደም መፍሰስ አምቡላንስ ጫካ ውስጥ እስኪደርስ አይጠብቅም።

እንግዲህ ማኅበራችንን የምጠይቀው ይህ ነው። በየሴሚስተሩ የባህል ምሽት እናዘጋጃለን፤ ጥሩ ነው። በዚያ ላይ በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ እንጨምር። አንድ የመኪና ማቆሚያ፣ ሁለት ክሪክ፣ አራት የብረት መቆሚያ ከነታኮው፣ ቡና። አስተማሪዎቹ በየቤታችን ያሉ አባቶች፣ አጎቶችና እናቶች ይሁኑ፤ ታክሲ የነዱ፣ ጋራዥ የሠሩ፣ ዛሬ ትራክ የሚነዱ። ፒክአፕ ያለውም፣ ኮሮላ ያለውም ይምጣ። ፍሬን ይታይ፣ ጎማ ይታይ፣ የሻንሲ ቁጥር ይፈተሽ። ከመካከላችን ወደዚያ ሙያ መግባት የሚፈልግ ከተገኘም ማንም አይሳቅበት፤ ታራንት ካውንቲ ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ ትምህርት ይሰጣል፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት የሚያኮራ ነው። አልሙናዮች ደግሞ፣ እናንተ ያላችሁን መሣሪያ ለአንድ ቀን አውሱን።

እስከዚያው ግን ቅዳሜውን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከሥራ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ስትወጡ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጎማችሁ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ።